ነውሯ የተነገረላት መኪና

ጋራዡን ትቼ የከተማችን ንባብ ቤት ጠባቂ ከሆንኩ ወዲህም መኪና ይዞ የሚመጣብኝ ሰው አልጠፋም። በቅርቡ አንድ የእህል ነጋዴ መጽሐፍ ፈላጊ መስሎ ገባ። መደርደሪያዎቹን ዞር ዞር ብሎ አየ፤ አንዱን አውጥቶ ገለጥ አደረገና መለሰው። ከዚያ ጠረጴዛዬ ላይ ተደግፎ «አንዴ ውጣና ድምጿን ብቻ ስማልኝ» አለኝ። በመስኮት ሳይ አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ሞተሯ እየሠራ በር ላይ ቆማለች።

«አልወጣም» አልኩት።

«ምን አጠፋሁ?»

«አሙቀህ ነው ያመጣሃት። የሞቀ ሞተር ነውሩን ይደብቃል።»

«እኔ እኮ ገዢ ነኝ።»

«እንግዲያው ሻጩ ነው አሙቆ የሰጠህ።»

«ሰው ካላመንክ ሰው መሃል ለምን ትኖራለህ?» ብሎኝ ወጣ። ጥያቄው ደህና ጥያቄ ነው።

ጂንካ ውስጥ ስለ እኔ ሁለት ወሬ አለ። አንደኛው ግጥም አበላሸው፣ እጁ ላይ ሙያ እያለ ከወረቀት ጋር ተፋጦ ይውላል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የደበቀው ነገር ቢኖር ነው እንጂ ጤነኛ ሰው ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ከጋራዥ ጡረታ አይወጣም የሚል ነው። ሁለተኛውን የሚያወሩት ይሻሉኛል፤ እነሱ ቢያንስ ይጠረጥራሉ። ለሁለቱም ወገን መልስ ይሆን እንደሆነ የሥራ ዘመኔን እንደነበረ እጽፋለሁ።

ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ ጂንካና አርባ ምንጭ መሃል በምትመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆንኩ። አባቴ ከሸዋ በወታደርነት መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበርና ልጁ ጽሕፈት ቤት ገብቶ ማኅተም እንዲመታ ይመኝ ነበር። እኔ ግን አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። ጭነት ላይ ተጋድሜ የወይጦን ቁልቁለት ስንወርድ በጭንቅላቴ ቤት የሚመታ ቃል እየፈለግሁ፣ በጆሮዬ ደግሞ ፍሬኑን አዳምጥ ነበር። ሾፌሬ ደግ ሰው ነው፤ ደክሞኛል የሚል ቃል ግን አያውቅም። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ አያውቅም። መጠርጠር የጀመርኩት ያኔ ይመስለኛል።

ከዚያ ቀይ አፈር አጠገብ የመንገድ ሥራ ካምፕ ተቀጠርኩ። ደመወዙ በሰዓቱ ይከፈላል፤ ቁርሱም ደህና ነበር። አለቃችን ግን ጎብኚ ሊመጣ ነው በተባለ ቁጥር ማሽኖቹን ሁሉ ቀለም ያስቀባል። ሞተሩ የወጣለት ግሬደር ሳይቀር ቢጫ ተቀብቶ ከደህናዎቹ ጋር ይሰለፋል። ጎብኚዎቹ ከርቀት አይተው «ጥሩ ይዛችኋል» ብለው ይሄዳሉ። አንድ ቀን በጠመኔ የመጋዘኑ በር ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

አሮጌው መኪና ቀለም ተቀብቶ፣
ሙሽራ ይመስላል ገበያ ላይ ወጥቶ።

አለቃው አነበበና ጠራኝ። «ይሄ ስለ ማሽኑ ነው?» አለኝ። «አዎ ጓድ» አልኩት። አላመነኝም፤ ባያምነኝም አልፈርድበትም። በወሩ መጨረሻ ጓዜን ጠቅልዬ ጂንካ ተመለስኩ።

ጂንካ አንድ ጋራዥ ነበር፤ የጋሽ ዳና። ጋሽ ዳና የወላይታ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ጎንበስ ያለ፣ ቶሎ የማይስቅ። ካምፑ ውስጥ የሆነውን ሰምቶ ነበር መሰለኝ፣ ገና ሳልቀመጥ «ባለቅኔው አንተ ነህ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።

ስለ ጋሽ ዳና ብዙ መጻፍ ይቻላል። እኔ ግን የሚጠቅመውን ልጻፍ፤ አሮጌ መኪና ሲመረምር እንዴት እንደሚመረምር። መጀመሪያ እጁን በሳሙና ይታጠባል። ሌላው መካኒክ ሥራ ሲጨርስ ይታጠባል፤ እሱ ግን ከመጀመሩ በፊት። «በቅባት እጅ ቅባት አይገኝም» ይላል። ከዚያ ሻጩን ወንበር ሰጥቶ፣ ሻይ አስመጥቶ፣ ከመኪናው ጥቂት ራቅ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ሰዎች ይህን እንግዳ አክባሪነት ያደርጉት ነበር። እሱ ግን መኪናውን እየዞረ የሚያየው ሻጩን ነው። ሞተሩ ጋ ሲደርስ ሻጩ ያወራል፤ ጎማው ጋ ሲደርስ ያወራል፤ አንድ ቦታ ላይ ብርጭቆውን ወደ አፉ አስጠግቶ ዝም ይላል። ጋሽ ዳና እዚያ ላይ ተንበርክኮ ረጅም ጊዜ ይቆያል። «የሻጭ አፍ ከሚከፈትበት የሚዘጋበት ይበልጣል» ብሎኛል።

ጥያቄውም አንድ ነው። «ምኗን ያማታል?» አይልም። «መጨረሻ የነዳት ማን ነው፣ ለምን ወረደ?» ይላል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን አንድ ጊዜ ከድቶታል። አንድ የቱርሚ ፍየል ነጋዴ ፒካፕ ሊገዛ መጥቶ ነበር። ሻጩ የጋሽ ዳና የረጅም ጊዜ ወዳጅ ነው። ጋሽ ዳና ሞተሩን አዳመጠ፣ ፍሬኑን አየ፣ ነዳት፤ ድምጿ እንደ ጥጥ የለሰለሰ ነበር። «ውሰዳት» አለው። ነጋዴው ከኮልቾ በላይ ካሉ መንደሮች ፍየል ጭኖ ሲመለስ አሸዋው መሃል ኋለኛው እግሯ ደርቆ ቆመ። ወሬው ደርሶን በሌላ መኪና ስንሄድ ፍየሎቹ ከፒካፗ ጥላ ሥር ተደራርበው ወድቀዋል። አብዛኞቹ አይነሱም። ውሃ የሚገኘው ከታች ከኦሞ ነው፤ ነጋዴው በጀሪካን እየቀዳ አመላልሶ ደክሞት ተቀምጧል።

ጋሽ ዳና ምንጣፍ አንጥፎ ከሥር ገባና የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረውን ጥርስ፣ ዲፈረንሻሉን ፈታ። ከዘይት ይልቅ እንደ ገንፎ የወፈረ ነገር ወጣ። በጣቱ አሸት አደረገና አሸተተው። ሰጋቱራ ነው። ጥርሱ ያለቀ ዲፈረንሻል እንዳይጮህ ሰጋቱራ ከዘይት ጋር ይሞላበታል፤ እስኪሸጥ ድረስ ዝም ይላል። ጋሽ ዳና እንደገና አሸተተውና «ዋንዛ ነው» አለ። ወዳጁ የእንጨት ሥራ ቤት አለው፤ የሚሠራውም በዋንዛ ነው።

ነጋዴው ቀና ብሎ አየው። «ጋሽ ዳና፣ ፍየሎቹ አንተን አያውቁህም። እኔ ነኝ ያመንኩህ» አለው። ጋሽ ዳና ዲፈረንሻሉን ከጂንካ ይዘን በመጣነው ሌላ እዚያው አሸዋ ላይ ቀይሮ፣ ፒካፗን ራሱ ነድቶ ቱርሚ አደረሳት። ስንመለስ መንገድ ላይ «ለሱ ሻይ አላስመጣሁለትም ነበር» አለኝ። «ወዳጅ ነው ብዬ ከጎኔ አቆምኩት።»

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ጋራዣችን ዘይት በንጹሕ ሳህን ሳይገለብጥ መኪና የሚያሳልፍ አልሆነም። እኔም ጥርጣሬን እንደ ሙያ ተማርኩት። ዘመኑም ያግዘኝ ነበር፤ ሰው ስብሰባ ላይ የሚያጨበጭብበትን እየቆጠረ የሚያጨበጭብበት ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ከጂንካ በላይ ተራራው ላይ ያሉ የአሪ ገበሬዎች የአገልግሎት ማኅበር ነበራቸው። ኮረሪማና ቡና ያመርታሉ፤ ሙዝና ጎደሬም አላቸው። ምርቱን የሚያወርድላቸው አንድ የከተማ ነጋዴ ነው፤ ተራራውን የሚወጣ መኪና ያለው እሱ ብቻ ነበርና። ሲፈልግ ይመጣል፤ ሳይፈልግ «መንገዱ ጭቃ ነው» ይላል። ኮረሪማው በረንዳ ላይ ሻጋታ ሲጀምረው ደግሞ ድንገት መንገዱ ይደርቅለትና በርካሽ ጭኖ ይወርዳል። ሴቶቹ አንዳንዴ በጀርባቸው ተሸክመው ጂንካ ይወርዱ ነበር።

የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ማርቆስ ናቸው። ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥቡ፣ ጸሎት ቤታቸው ከተዘጋ በኋላም በሰው ቤት እየተሰበሰቡ ይዘምራሉ የሚባሉ ሰው። የራሳችንን መኪና እንግዛ ብለው ማኅበርተኛውን ያሳመኑት እሳቸው ናቸው። አንዳንዱ ጊደሩን ሸጠ፤ አንዳንዱ የእርሻ በሬውን ሸጠ። መኪናዋ ቆማ ብትቀር ተራራው ላይ የሚያርስበት የሌለው ሰው ይበዛል፤ አቶ ማርቆስም ደጃቸው ላይ የሚቆመውን ሁሉ ማየት አለባቸው። ይህን ሲነግሩን ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «እናንተ አዎ ካላችሁ እገዛለሁ። አይ ካላችሁ አልገዛም» ብቻ አሉ።

ሻጩ አቶ ታምራት የሚባል ባለመኪና ነው። ከአርባ ምንጭ መኪናዋን ራሱ ነድቶ መጣና ከአውሮፕላን ማረፊያው ሣር ዳር አቆማት። አፍንጫማ፣ ጠንካራ፣ የጣሊያን ሥሪት የጭነት መኪና ናት። የማኅበሩ ሽማግሌዎች ከበቧት። አቶ ታምራት ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርስ እጁን መኪናዋ ግንባር ላይ አሳርፎ «አባቶቼ፣ ከሁሉ በፊት ነውሯን ልንገራችሁ» አለ። «ሁለተኛ ማርሽ ትተፋለች። ቁልቁለት ላይ ማርሹ በራሱ ይወጣል። እኔ በላስቲክ አስሬ ነው የምነዳት። ይህን ሳልነግራችሁ ብሸጥላችሁ እግዜር ይጠይቀኛል።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ፊታቸው ሲፈታ አየሁ። ለምን እንደተፈታ የገባኝ በኋላ፣ አቶ ማርቆስ ሲያስረዱኝ ነው። በእነሱ ተራራ በሬ የሚሸጥ ሰው ከዋጋው በፊት ነውሩን ይናገራል። ይዋጋል፣ ወይም ቀንበር ላይ ይተኛል፣ ወይም ግራ ዓይኑ ደካማ ነው ይላል። ነውሩን የተናገረ ሰው ሌላ ነገር አይጠየቅም፤ ሌላ ቢኖር ይናገር ነበርና። ነውር የለበትም ብሎ ከሚሸጥ ሰው ግን ማንም አይገዛም።

ጋሽ ዳና ያን ጊዜ ወገቡን ያመው ነበር። መኪና ሥር መግባት አይችልም። እጁን ግን እንደ ወትሮው ታጠበ። ለአቶ ታምራት ወንበርና ሻይ አስመጣ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ግባ ባለቅኔው» አለኝ።

መጀመሪያ ማርሹን ሞከርኩ። እውነት ነው፤ ከከተማው በታች ባለችው ቁልቁለት ላይ ሁለተኛ ማርሽ ዱብ ብሎ ወጣ። የካምቢዮው ጥርስ ተበልቷል፤ ዕቃው ከአዲስ አበባ ይመጣል እንጂ የሚጠገን ነው። ከዚያ ዘይቱን ሁሉ በሳህን ገለበጥኩ፤ ንጹሕ ነው። ራዲያተሩን ከፈትኩ፣ ቅባት አይንሳፈፍበትም። ጎማዎቹን አወጣሁ፣ ፍሬኑን አየሁ። ከሥሯ በሙሉ አዲስ ጥቁር ቀለም ተቀብታለች። ይህ ልቤን አስደሰተው፤ ይኸው ብዬ በቢላዋ እየፋቅሁ ገባሁ። በደረስኩበት ሁሉ ግን ደህና ብረት ነው።

«ዝገት እንዳይበላት ነው ወንድሜ» አለ አቶ ታምራት ከወንበሩ ላይ ሆኖ። «ፋቀው፣ ፋቀው። እንደገና እቀባታለሁ።»

ዝም የሚልበት ቦታ አልነበረውም። ሞተሩ ጋ ስሆን ስለ ሞተሩ ያወራል። ከሥር ስገባ ስለ ማርሹ ያወራል። ሻዩ እየቀዘቀዘ ያወራል።

«ሰውየው አንተን የሚያውቅህ ይመስላል» አልኩት ጋሽ ዳናን በጆሮው።

«እኔን አይደለም» አለ። «እነሱን ነው የሚያውቃቸው።»

ሽማግሌዎቹ መሰላቸት ጀመሩ። ከመሃላቸው ወይዘሮ ማርታ የሚባሉ፣ ኮረሪማ በጀርባቸው ተሸክመው ጂንካ ከሚወርዱት አንዷ፣ ወደ እግሬ ቀረብ ብለው «አንተ ልጅ፣ ከሥር ምን አጣህ? ልትወልድ ነው እንዴ የምታዋልዳት?» አሉኝ። ሰዉ ሳቀ።

«ሌላ ነውር እየፈለግሁ ነው እማማ።»

«ነገረን እኮ።»

«አንዱን ነው የነገረን።»

«ሰው ስንት ነውር አለው? አንተ ስንት አለህ?»

ከሥሯ ወጥቼ ለጋሽ ዳና «አላገኘሁም» አልኩት። እሱም «ጫኗት» አለ።

ከማኅበሩ የጂንካ መጋዘን የበቆሎ ጆንያ እየወጣ ጭነት ተጀመረ። ያን ጊዜ አንድ ነገር አየሁ። አቶ ታምራት ከወንበሩ ተነሳ። ነጭ ሸሚዙን እንደለበሰ ጭነቱ ላይ ወጣና ጆንያዎቹን ራሱ እየተቀበለ ወደ ፊት፣ ካቢናው ጀርባ ይደረድር ጀመር። ተሸካሚዎቹ ወደ ኋላ ሲጥሉ «ኧረ ወደዚህ፣ ወደዚህ» እያለ ይጎትታል። ላቡ ሸሚዙን አጣበቀበት።

«ለምን ወደ ፊት?» አልኩት ከታች ሆኜ።

«መሪዋ ይጸናል ወንድሜ።»

በረዳትነት ዘመኔ ስንት ጭነት ደርድሬያለሁ። ጭነት ወደ ፊት የበዛባት መኪና መሪዋ ይከብዳል እንጂ አይጸናም። ይህን ሾፌር የሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ አቶ ታምራት ደግሞ ሾፌር ነው።

ለጋሽ ዳና ነገርኩት። ከኪሱ ሲባጎ አውጥቶ ሰጠኝና ምን ማድረግ እንዳለብኝ በአጭሩ ነገረኝ። መኪናን ከግንባር እስከ ጅራት የሚሸከሙት ሁለት ረጃጅም ብረቶች ናቸው፤ ሻንሲ እንላቸዋለን። እንደ ሰው የጀርባ አጥንት ናቸው። በአንደኛው ሻንሲ ሥር ሲባጎውን ከፊት እስከ ኋላ ወጥሬ አሰርኩት፤ ግንበኛ ግድግዳ ቀና መሆኑን እንደሚያይበት። ሲባጎው ብረቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነክቶ ተወጠረ። ከዚያ ተነስቼ ተሸካሚዎቹን «ጆንያውን ሁሉ ወደ ኋላ መልሱት» አልኳቸው።

አቶ ታምራት «እንደፈለግህ» አለ። ከጭነቱ ላይ ወረደ፤ እጁን አራገፈ፤ ወደ ወንበሩ ሄዶ ተቀመጠ። የቀዘቀዘውን ሻይ አንስቶ መጠጣት ጀመረ። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልወጣውም።

ጆንያዎቹ ወደ ኋላ ሲደራረቡ ከሥር ገባሁ። ከኋላ ጎማው በላይ፣ ጭነቱን የሚያነጥረው ባሌስትራ የሚታሰርበት ቦታ ላይ ሲባጎውና ብረቱ ተለያይተዋል። ጣቴን አስገባሁ፤ ገባ። ሌላ ጆንያ ሲጫን ሁለተኛ ጣቴም ገባ። ብረቱ እየጎበጠ ነው። «አቁሙ፣ አቁሙ፤ አራግፉ» አልኩ።

ስናራግፍና የጭነት ሳንቃውን ተሸካሚ እንጨት ስንፈታው ታየ። ሻንሲው እዚያ ላይ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ብረት ተበይዶበት በሬንጅ ተለብጧል፤ ከላይ ደግሞ እንጨቱ ጋርዶታል። በቢላዋ የትም ብፍቅ የማልደርስበት ቦታ ነው። ብየዳው ራሱ ዳር ዳሩን ከፍቷል። ጭነት ወደ ኋላ የበዛባት ቀን፣ ወይጦ ቁልቁለት ላይ አንድ ጉድጓድ ብትመታ ለሁለት ትከፈላለች።

ሽማግሌዎቹ እየተራቸው ጎንበስ ብለው አዩ። አቶ ታምራት መጣና እሱም እንደ እንግዳ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ይሄ ነውር አይደለም እኮ» አለ። «ጥገና ነው። የተሰፋ ሱሪ ቀዳዳ አለው ይባላል?»

«ሱሪ ቢቀደድ ያሳፍራል» አሉ ወይዘሮ ማርታ። «ይሄ ይገድላል።»

አቶ ማርቆስ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ነበር። «በሬ ብትሆን ኖሮ ትነግረን ነበር?» አሉት።

«በሬ ብትሆንማ አባቴ፣ ይህን ሁሉ ሰው አላስቸግርም ነበር። በሬ እናንተም ታውቃላችሁ።»

«ነውር መናገራችንን ግን ታውቃለህ።»

አቶ ታምራት ፈገግ አለ። ተንኮለኛ ፈገግታ አልነበረም፤ ያ ነው እስካሁን የሚገርመኝ። «ቀይ አፈር ገበያ ስንት ዓመት ተመላለስኩ» አለ። «የሰው አገር ሲኖሩ የሰው ወግ ይማራሉ።» ቀጥሎም ዋጋው ላይ በጣም ዝቅ አለላቸው። ብየዳውን በራሱ ወጪ እንደሚያሳድስም ማለ።

ከሽማግሌዎቹ ጥቂቶቹ ልባቸው ሸፈተ። ነጋዴው ዘንድሮም መንገዱ ጭቃ ነው ሊል ነው፤ ኮረሪማው ደርቆ ተቀምጧል። አንዱ «ወደ ፊት እየጫንን እንነዳታለን፤ አሁን ሁለቱንም እናውቃለን» አለ። አቶ ማርቆስ ግን ወደ እኔ ዞሩ።

«ጥሩ ናት ወይ አልልህም» አሉኝ። «ማርታ ጭነቱ ላይ ተቀምጣ፣ አንተ ወይጦን ትነዳለህ?»

«አልነዳም» አልኩ።

ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። አቶ ታምራት ሻዩን ያስመጣለትን ጋሽ ዳናን አመስግኖ፣ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ጨብጦ፣ እኔንም «ዓይን አለህ» ብሎኝ ሄደ።

ማኅበሩ በዚያ ገንዘብ ከጎፋ በቅሎ አስመጣ። ጂንካ ሳቀባቸው፤ መኪና ሊገዙ ወጥተው በቅሎ ይዘው ገቡ ተባለ። በቅሎዎቹ ግን ኮረሪማውን ጂንካ ድረስ አወረዱት፤ ጂንካ መጋዘን ውስጥ ደግሞ ነጋዴውን መጠበቅ ግድ አይደለም፤ የሚመለስ የጭነት መኪና ይገኛል። ነጋዴው በአንድ ክረምት ውስጥ መንገዱ ጭቃ ነው ማለቱን ትቶ ወዳጃቸው ሆነ። እርግጥ በሬያቸውን ሸጠው በቅሎ የደረሳቸው አንዳንዶች እስካሁን ሲያዩኝ ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነው። ያቺ መኪና በእኛ እጅ ብትሆን ኖሮ ይላሉ። ላስረዳቸው ሞክሬ ነበር፤ ያልወደቀን ነገር ይወድቅ ነበር ብሎ ማስረዳት ከባድ ነው።

ከጋራዡ የወጣሁት ግን በእነሱ ሳይሆን በራሴ አንድ ቃል ምክንያት ነው። ያ ነገር ካለፈ ብዙም ሳይቆይ፣ በአንድ ሐሙስ ገበያ የሞተር ዕቃ ልገዛ ቀይ አፈር ሄድኩ። ከብት በሚሸጥበት ሜዳ ዳር ያቺው መኪና ቆማለች። በአዲስ ሰማያዊ ቀለም። ሁለት የቱርሚ ነጋዴዎች አጠገቧ ቆመዋል፤ ጥቂት የበና ሽማግሌዎችም በርኮታቸው፣ ትንሿ የእንጨት መቀመጫቸው ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። አቶ ታምራት እጁን ግንባሯ ላይ አሳርፎ ይናገራል።

«ነውሯ ሁለት ነው» ይላል። «ሁለተኛ ማርሽ ትተፋለች። ሻንሲዋ ከኋላ ተሰንጥቆ ነበር፤ አዲስ ብረት አስበይጄበታለሁ፤ ኑና እዩ። ሳንቃውን ፈትቼ አሳያችኋለሁ። ይህን ሳልነግራችሁ ብሸጥላችሁ እግዜር ይጠይቀኛል።»

ሰዎቹ ፊታቸው ሲፈታ አየሁ። ፊት እንደዚያ ሲፈታ ከዚያ በፊት አይቼ አውቃለሁ። ልመለስ ስል አቶ ታምራት አየኝ።

«ይኸው» አለ፣ ክንዴን ይዞ ወደ መሃል እየሳበኝ። «ይሄ ልጅ የጂንካ መካኒክ ነው። ከሥሯ ውሎ ነው የወጣው። ውሸቴን ከሆነ ይናገር። ወንድሜ፣ ሁለቱም እውነት ነው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «እውነት ነው» አልኩ። እውነት ነበርና።

«ብየዳውስ?»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። አዲስ ነው፤ ጥሩ እጅ የሠራው ነው። «ደህና ነው» አልኩ። ከዚያ ወደ ነጋዴዎቹ ዞሬ «ሌላም ፈልጉ» አልኳቸው።

አንደኛው ሳቀ። «ሁለት ነግሮናል እኮ። ሦስት ይንገረን?»

«ፈልጉ ነው የምላችሁ።»

«አንተ ፈልገህ ነበር አይደል?»

«ፈልጌ ነበር።»

«ሌላ አገኘህ?»

ከብቱ ሜዳው ላይ ይጮሃል፤ ሰዉ አፌን ይጠብቃል። ዘይቷን አሰብኩ፤ ራዲያተሯን፣ ፍሬኗን፣ ቢላዋዬ የደረሰበትን ብረት ሁሉ አሰብኩ።

«አላገኘሁም» አልኩ።

አቶ ታምራት ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «አያችሁ» አላቸው፣ በእርጋታ። «እሱ እንኳ አላገኘም።»

መኪናዋን በዚያው ቀን ወሰዷት።